የብረት ቀጥቃጩ ሚስት

የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች በኮሮና በተዘጉበት ሰሞን፣ ከሉባባ በር ፊት ለፊት ሮማ የሚባሉ ሰዎች ገቡ። ግቢው ግን «ጂፕሲ» ነው የሚላቸው። ሚስትየዋ ሚሬላ ትባላለች። ባልየው ፓርኪንጉ ውስጥ የተጋጨ መኪና ላሜራ እየቀጠቀጠ ያቃናል።

መዶሻው ሲያስተጋባ ሉባባን ውርር አደረጋት። ብረት ቀጥቃጭ ምን እንደሚባል ከወሎ ጀምሮ ታውቃለች። የስድስት ወር ልጇን ኢናስን በሻርፕ ሸፈነቻት። ባሏ ሚቅዳድ እንደሆነ ትራክ ይዞ ቴክሳስ ነው፤ የቤት ኪራዩም ሁለት ወር ተወዝፏል።

«ቡዳ እኮ አገር አይመርጥም!» አሉ እትዬ ደመቀች። የደሴ ሰው ናቸው፤ አፓርታማው ኦፊስ ውስጥ ይሠራሉ። የአራስነቷን ገንፎ ያገነፉላትም እሳቸው ናቸው። «እነዚህ ደግሞ ልጅ ይሰርቃሉ አሉ። በር እንዳትከፍቺ!»

«ታዲያ ኦፊሱ ለምን አያስወጣቸውም?»

«በኮሮና ተከራይን በግድ ማስወጣት ተከልክሏል፣ የኔ ልጅ። ጎረቤት ከፈረመ ግን መላ አይጠፋም።» ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ።

ሉባባ በእንግሊዝኛ የምታውቀው ስሟን መጻፍ ብቻ ነው። ደግሞስ ገንፎ ያበላን ሰው «ወረቀትዎ ምን ይላል?» ይሉታል? ነውር ነው። ፈረመች።

በማግስቱ ሚሬላ በሩን ደበደበች። ሉባባ በቀዳዳው አጮልቃ አየቻት። ወረቀት ይዛለች፤ ግርጌው ላይ፣ የፊርማው ቦታ፣ በቀይ ትልቅ ኤክስ ተሰምሮበታል። «ኖ! ኖ!» እያለች ጣቷን ታወዛውዛለች።

«በአላህ! ድግምት ነው» አለች ሉባባ። ልጇን ታቅፋ፣ አያተል ኩርሲ እየቀራች ወደ ኋላ ሸሸች። ወረቀቱ በበሩ ሥር ሲገባ በመጥረጊያ እንጨት ገፍታ መለሰችው። ለእትዬ ደመቀች ደወለች።

«ጎበዝ፣ እንዳትነኪው!» አሉ። «አርብ ግልግል ነው።»

አርብ ጠዋት ልጇን አዝላ ቀዳዳው ላይ ተለጠፈች። እትዬ ደመቀች ከጥበቃው ጋር ደረጃውን ሲወጡ አየች። ሚሬላ ስትባረር በዓይኗ ለማየት ቸኩላ፣ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ በሯን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

እትዬ ደመቀች ለሚሬላ በር ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ «ሉባባ፣ ቤቱን በገዛ ፈቃዴ እለቃለሁ ብለሽ የፈረምሽበት ቀን ዛሬ ነው፤ ቁልፉን ስጪኝ» አሏት።