የሁለት ደላሎች ጭንቅላት

ሙስዐብ የሰንበቴ ከተማ ከብት ተራ ደላላ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሱ እጅ ያልገባበት ሠንጋ እዚያ ገበያ አልተሸጠም ማለት ይቻላል። ይኸው ሰው ሁለት ዓመት ሆነው፣ እንቅልፍ የለው፣ መቀመጫ የለው። ሙስበሃውን ዶቃ በዶቃ ይቆጥራል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። ምን ሆንክ ቢሉት መልሱ አንድ ነው፤ አብደላ።

አብደላም ደላላ ነው፤ ዐይኑ ከጠፋ ሃያ ዓመት ሆኖታል። እንግዲህ በዚያ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ላዩ ላይ ፎጣ ጣል ተደርጎ፣ በጣት ጭምቅ ጭምቅ ነው ንግግሩ። ለዚህ ለዚህ ዐይን ምን ያደርጋል? አብደላ ግን በዚህ አላበቃም። የወይፈኑን ዕድሜ ጥርሱን ዳስሶ ይናገራል። ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በግመሎች መሀል ማንንም ሳይነካ ያልፋል። ገበያተኛው ሙስዐብን እየተወ ወደሱ ነጎደ።

«ያያል» ይላል ሙስዐብ። «ወላሂ ያያል። ዕውር እንዲህ አይራመድም።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«አውቃለሁ አልኩ።»

ሰዎቹ ይስቁበታል። የሚስቁበት ሌላም ነገር አላቸው። ሙስዐብ ሚስቱን ረቢአን ሳያስከትል ገበያ አይወጣም፤ ክንዷን እንደያዘ ይመጣል፣ ክንዷን እንደያዘ ይመለሳል።

«በስተርጅና ፍቅር ያዘው» ይላሉ።

«ቀናችሁ?» ይላል እሱ። ረቢአም ትስቃለች እንጂ አትለቀውም።

ዘንድሮ ሳሚያ የምትባል የከሚሴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ጥናት ይዛ መጣች። እንደገባኝ ልንገራችሁ። ጭንቅላታችን ውስጥ ያሉት ነርቮች ሲሠሩ ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያወጣሉ አሉ። እሷ ሽቦ የተሰካበት ቆብ ራስ ላይ ታጠልቅና ያንን ትመዘግባለች። ዐይን ያየውን የሚለየው ቦታ ከኋላ ነው፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ። ዐይን ሲጠፋ ያ ቦታ ሥራ ፈትቶ ይቀራል ወይስ ሌላ ሙያ ይማራል? ፍለጋዋ እሱን ነው። አንድ ዐይነ ስውርና አንድ የሚያይ ሰው፣ በዕድሜ እኩያ የሆኑ፣ ስጡኝ አለች።

አብደላ እሺ አለ። የሚያየውስ ማን ይሁን ሲባል፣ ሁሉም ሙስዐብ አሉ።

«ያያል የምትለው አንተ አይደለህ?» አለው አንድ የግመል ነጋዴ። «ሂድና አጋልጠው። ከቀረህ ደግሞ ዳግመኛ ስሙን እንዳታነሣ፣ ቦታህንም ልቀቅለት።»

ሙስበሃው ቆመ። «እዚያ ምንድን ነው የሚያስደርጉን?»

«ቀላል ነው» አለች ሳሚያ። «የሁለታችሁም ዐይን በሻሽ ይታሰራል። ከዚያ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ነጠብጣብ ያለበት ካርቶን በጣታችሁ መዳሰስ ነው።»

«ይታሰራል? ከታሰረማ እኩል ነን» አለ ሙስዐብ። «እመጣለሁ።»

«ዐይንዎ ደኅና ነው፣ አያ ሙስዐብ? መመዝገብ ስላለብኝ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ከብት የለየሁ ሰው ነኝ እኮ፣ ልጄ።»

ሳሚያ ሳቀችና ጻፈች። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክታ የስምምነት ወረቀቱ ላይ ያሳረፈችው ረቢአ ናት።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሙስዐብ ሻዩን ጉልበቱ ላይ ደፋ።

«ቅር ካለህ እንቅር» አለችው ረቢአ ሽርጡን እያራገፈች።

«ዛሬ ካላጋለጥኩት ከሰንበቴ መውጣቴ ነው። እንሂድ።»

ጥናቱ ካለበት ከሚሴ ወርደው ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ፣ ሙስዐብ ገና አፉን ሳይከፍት፣ «አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ፣ ሙስዐብ?» አለው የአብደላ ድምፅ ከጥጉ።

ሙስዐብ የረቢአን ክንድ ጠበቅ አደረገ። «እንዴት አወቅከኝ?»

«ረቢአ ቅባቷን አልለወጠችም። አንተ ደግሞ ከሷ አትለይ።»

ያያል፣ አለ ሙስዐብ በሆዱ።

«ይልቅ እጅህ ምን ሆኗል?» አለ አብደላ። «ድሮ ፎጣው ሥር ችኩል ነበር። ካቻምና ወዲህ ግን ጣቴን አንድ ባንድ ሳይዳስስ ዋጋ አይጠራም።»

«አርጅቼ ነው» አለ ሙስዐብ፤ እጁንም ሽርጡ ሥር ከተተ።

ሳሚያ ራሳቸውን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና ቆቡን አጠለቀችላቸው። ሻሹን ስታስር አብደላ፣ «እኔን ደግሞ ማሰር ምን ይባላል? ከታሰርኩ ሃያ ዓመቴ» አለ። መሣሪያው እዝ ይል ጀመር። ካርቶኑ ጣታቸው ሥር አለፈ፣ ተመለሰ፣ አለፈ።

«አያ ሙስዐብ፣ እግርዎን ያሳርፉ፤ መዝገቡ ይረበሽብኛል።»

እግሩን አሳረፈ።

ሲያበቃ ሻሹ ተፈታ። ወረቀቱ ከማተሚያው እየተንሸራተተ ሲወጣ ይሰማል።

«ይኸውላችሁ» አለች ሳሚያ። «የአያ አብደላ ጣት ካርቶኑን በነካ ቁጥር ያ የኋላው ቦታ ይነሣል።»

ሙስዐብ ከወንበሩ ተፈናጠረ። «አላልኩም? ዐይኑ ይሠራል!»

«ዐይናቸውማ አይሠራም። ዐይን ሲጠፋ ቦታው ለጣት ያድራል፤ አዲስ ሙያ ተማረ ማለት ነው። የሚያይ ሰው ግን ለጥቂት ሰዓት ዐይኑ ስለታሰረ ብቻ እንዲህ አይሆንለትም። የሱ ቦታ ጣት ሲዳስስ ጸጥ ነው የሚለው።»

ሙስዐብ ቁጭ አለ። ሙስበሃው ከእጁ ወድቆ ነበር፤ አላነሣውም።

«ለመማር ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከሰው ሰው ይለያያል። ግን ጊዜ ካገኘ ይማራል።» ሁለተኛውን ወረቀት አነሣች። አገላበጠችው፤ ሽቦዎቹን አንድ ባንድ ነካካች። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የተሳሳትኩት ነገር አለ። የአያ ሙስዐብም ከኋላ ይነሣል። ደከም ይላል እንጂ ያው እንደ አያ አብደላ ነው። እንደገና እንመዝግብ?»

«አልተሳሳትሽም፣ ልጄ» አለ አብደላ፤ ዱላውን ዘርግቶ የሙስዐብ ጉልበት ላይ አሳረፈው። «እንካ ያዘው። እኔ ከጨለመብኝ ሃያ ዓመቴ ነው፤ አንተ ገና ሁለትህ።»