በኩሽና የተላመደ ጫማ

ሎሬይን የተራራ ጫማ ተጫምታ ሳህን ታጥባለች። ቀኑን ሙሉ በአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌ ስታነሳ፣ አሮጊት ስታገላብጥ ውላ መምጣቷ ነው። ከአልጋዋ በቀር የሚያምራት ነገር የለም። ግን አዲስ ጫማ ቤት ውስጥ ሳይላመድ ተራራ ከወጡበት ተረከዝ ይልጣል፤ ይህን የማያውቅ በዮርክሸር ኮረብቶች መሐል የለም።

ጎረቤቷ ኦድሪ እንደ ልማዷ በጓሮ በር ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የራሷ ኩሽና ጭር ስለሚልባት የሰው ኩሽና ታዘወትራለች።

«እናት መሆን እኮ ጉድ ነው» አለች ቁልቁል እያየች። «ጫማዋንም አንቺው ታላምጂላታለሽ?»

«እግራችን እኩል ነው» አለች ሎሬይን።

ልጇ ፍሬያ ምድጃው ላይ ምስር ታማስላለች። አስራ ስምንት ዓመቷ ነው። በዚህ ክረምት ትምህርቷን ጨርሳ ዳቦ ቤት ተቀጥራለች። ጠረጴዛው ላይ ጥጉ ሻይ የጠጣ የኔፓል ካርታ ተዘርግቷል። ጉዞው የአንድ ዓመት ነው፤ መጀመሪያ በአንድ ተራራማ መንደር አረጋውያንን በነፃ መንከባከብ፣ ቀጥሎ በእግር እስከ በረዶው መውጣት፣ ከዚያ እግር ወዳደረሰ።

«በእኛ ጊዜ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ፋብሪካ ነበር» አለች ኦድሪ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «የዛሬ ልጅ አስራ ስምንት ሲሞላው ዓለምን ካልዞረ ሰው የሆነ አይመስለውም። የቄሱ ልጅ ፔሩ፣ የሥጋ ሻጩ ልጅ ታይላንድ። አሁን ደግሞ የእናንተ ቤት ተራ ደረሰ።»

«ደረሰ» አለች ሎሬይን።

«እስኪ ይቺ ምስር የሚያርርባት ልጅ ናት ለሽማግሌ የምትሆነው?»

ፍሬያ ሳቀች። «ይኸው እየተማርኩ አይደል አክስቴ ኦድሪ? ዓመቱን ሙሉ የማበስለው ለራሴ ነው። እርስዎ አይቅመሱት።»

ሎሬይን አፏን ከፈተች። የምትለው ነገር ረጅም መሰላትና መልሳ ዘጋችው። ሰው ሲደክመው ማስረዳትም ሥራ ነው።

ጫማው አዲስ ቢሆንም የጀርባ ቦርሳው አሮጌ ነው። ሎሬይን በልጇ ዕድሜ ሳለች ገዝታ፣ ልብሷን አጣጥፋ ሞልታው ነበር። በሳምንቱ ማርገዟን አወቀች። ዕቃውን አንድ በአንድ አውጥታ ባዶውን ጣሪያ ስር ወረወረችው። የልጁ አባትም ብዙ አልቆየም። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ከአንድ ሌሊት በላይ ተለያይተው አያውቁም።

ለጉዞው በሚሰጠው ክትባት ዕለት ሁለቱም ጤና ጣቢያ ሄደው ተመለሱ። ኦድሪ ስትመጣ ሎሬይን ሻይ የቀዳችላት በግራ እጇ ነበር።

«ክንድሽን ምን ነካው?»

«ትንሽ ከብዶኛል።»

«መጦሪያ ቤቱ ጨረሰሽ እኮ የኔ ልጅ። የሰው አሮጊት ስትሸከሚ አንቺው አረጀሽ።» ኦድሪ ወደ ደረጃው አየች፤ ፍሬያ ፎቅ ላይ ዕቃ ስታንኳኳ ይሰማል። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንደው እውነቱን ንገሪኝ። ትችይዋለሽ?»

ሎሬይን ቁጭ አለች። «ፈርቻለሁ፣ ኦድሪ። በመጨረሻዋ ሰዓት እምቢ ብዬ ሁሉን እንዳላበላሸው ነው የምፈራው። ይሄ ካለፈ ሌላ የለም። ያን ቦርሳ ሁለተኛ ባዶ የማደርግበት አቅም የለኝም።»

«እሷስ?»

«እሷማ ቆርጣለች። ያለ እሷ እዚህ አንደርስም ነበር።»

«እንግዲያው አንቺም ቁረጪ። አትያዣት።»

ፍሬያ ከላይ ተጣራች። «እማ፣ ማክሰኞ የሚወጣው የቱ የቆሻሻ በርሜል ነበር? ቡናማው ነው አረንጓዴው?»

«እሱን ለእናትሽ ተይላት» አለች ኦድሪ ወደ ላይ። «አንቺ ካልሲ ቁጠሪ።»

«ካልሲውማ ተቆጥሯል።»

በመሄጃው ቀን ይዘንባል። ፍሬያ ቦርሳውን አዝላ ከፊት ከፊት ሄደች። ሎሬይን ኩሬ ሳትመርጥ በከባድ እርምጃ ተከተለቻት። ኦድሪ በቆርቆሮ የታሸገ የዘቢብ ኬክ ይዛ ከኋላ ነበረች። በመንገዱ ሁሉ የተናገረችው እሷ ብቻ ናት።

ባቡሩ ቆሞ ይጠብቃል። ፍሬያ ቦርሳውን አወረደች፤ ኦድሪ ኬኩን አናቱ ላይ አስቀመጠች። እናትና ልጅ ተቃቀፉ። ያን ጊዜ ኦድሪ ጀርባዋን ሰጥታ የባቡር ሰዓት የተጻፈበትን ሰሌዳ ማንበብ ጀመረች። ሰው ሲላቀስ ቆሞ ማየት ነውር ነው። የቄሱ ልጅ ሲሸኝም መንደርተኛው ሁሉ ይህንኑ ሰሌዳ ሲያነብ ነበር።

«አልችልም። ወደ ቤት እንመለስ» አለ በእንባ የታፈነ ድምፅ።

«አይሆንም። ጫማው ተላምዷል» አለ ሌላው፤ እሱም ደህና አልነበረም።

ኦድሪ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል «ልቀቂያት፣ ሎሬይን» አለች። «በቃ፣ ትሂድ።»

የቦርሳው ማንገቻ ተንሿሿ። በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ኦድሪ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች። ከኋላዋ አንዲት ሴት አፏን ይዛ ታለቅሳለች። እንዳታሳፍራት ብላ ሳትዞር እጇን ወደኋላ ዘረጋች፤ በዝናብና በእንባ የራሰ እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዛት።

«በይ ነይ ቤት እንሂድ፣ ሎሬይን። ሻይ አፈላልሻለሁ። ዓመት ምን አላት።»

«እሺ፣ አክስቴ ኦድሪ» አለች ፍሬያ።