ከዋሻው የወጣው መንጋጋ

ደመቀች ጋቢዬን ይዛ ወደ ዋሻው አፍ ጎተተችኝ። ከአንኮበር ገደል ሥር ፈረንጆች ሲቆፍሩ የሰው መንጋጋ አገኙ መባሉን ከሰማች ወዲህ እህል አልቀመሰችም። አንድ ልጇ ወልደአረጋይ በጠላት ጊዜ ከአርበኞች ጋር እዚህ ገብቶ በዚያው ቀርቷል።

የነፍስ አባቷ ነኝ። ፍታቱ ይድረስለት፣ ተዝካሩም ይውጣ ብዬ ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻትም አውቃለሁ። «አጥንቱን ሳላይ ልጄን በአፌ አልገድልም» ትላለች። ግትር ናት፤ እኔም ከእሷ አላንስም።

የፈረንጆቹ አስተርጓሚ ብርሃነ መስቀል ከደብረ ብርሃን የመጣ ወጣት አስተማሪ ነው። መስቀሌን ተሳለመና አንድ ሣጥን ከፈተልን። መንጋጋው ጥጥ ላይ ተቀምጧል፤ ጠቁሮ ድንጋይ መስሏል። ደመቀች ልትስመው ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ወጣቱ። «የእርስዎ ልጅ አይደለም። ይዩት፣ አገጭ እንኳ የለውም። በጥንት ዘመን የእኛ ዘመድ የሆኑ፣ ግን እኛን ያልሆኑ ሰዎች ነበሩ። ድንጋይ ጠርበው ሥጋ ይቆርጡ፣ ልጆችም ያሳድጉ ነበር። አሁን የሉም፤ አልቀዋል።»

ከአዳም በፊት ሊለኝ ይሆን ብዬ ገላመጥኩት።

«ሁሉም?» አለች ደመቀች።

«ሁሉም።»

«የመጨረሻውን ታዲያ ማን ቀበረው?»

ብርሃነ መስቀል አጠገቡ የቆመውን ፈረንጅ ሊጠይቅ ዞር አለና መልሶ ተወው። «ማንም፣ እማማ። የሚያለቅስለትም አልነበረ።»

ደመቀች የተቆፈረው አፈር ላይ ቁጭ አለች። ዛሬም ባዶ እጇን ልትመለስ ነው አልኩ በልቤ። ትራገማለች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባቴ፣ እኔ ነገ ብሞት ለወልደአረጋይ ማን ያለቅስለታል?»

አባቱ ሞቷል። እህት የለው፣ ወንድም የለው።

«እንግዲያው እኔ በሕይወት እያለሁ ያድርሱለት» አለች። «ፍታቱን።»

ይህን ቃል ከአፏ ለመስማት ስንት ዘመን ስለምናት ኖርኩ። «አደርስለታለሁ» አልኳት።

ደመቀች ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዞረችና እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ መርዶው ገና አሁን የደረሳት ይመስል፣ «ልጄ ሞተብኝ!» ብላ ጮኸች።