አውፍታ
ልብስ ሰፊዋ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ራሷን ስትመረምር ያገኘችው ሐሜት እንደ እሾህ ሲወጋት አረፈደ። በመጨረሻ ስፌቷን አቁማ ወደ ባልደረባዋ ዞረች።

«እህቴ፣ አውፍ በይኝ። አምቼሻለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

በአንድ ቃል የምትገላገል መስሏት ነበር። «ዓይኗ ስለደከመ ስፌት ታጣምማለች ብዬ… ለአሠሪያችን።»

ባልደረባዋ መቀሷን አስቀመጠች። «ለካስ የሙሽራዋን ቀሚስ የነጠቀችኝ ለዚህ ነው! እኔ አውፍ ብያለሁ። እሷ ዘንድ የጠፋውን ስሜን ግን ማን ይመልስልኛል?»

ልብስ ሰፊዋ በገዛ አፏ ተናደደች። ያን ቀን ለወሬ እንደዚያ የቀለላት ምላስ አሁን ድንጋይ ሆነባት። እየተብሰለሰለች ሄዳ የአሠሪዋን በር አንኳኳች።

አሠሪዋ ከያዘችው ጨርቅ ላይ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ደግሞ ዛሬ ማንን ልታሚ መጣሽ?» አለቻት።