ከአዛን በፊት

ሳፊያ የደም ስኳር መለኪያዋን ከብርጭቆዎቹ ጀርባ ሸሸገችና በሩን ከፈተች።

ፈለቀች ቆማለች። ሦስት ፎቅ በሩጫ ወጥታ ትንፋሿ ተቆራርጧል። በአንድ እጇ ዘንቢሏን፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳምቡሳ ይዛለች። ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ጣቶቿን አወዝቷል።

«አዛን አላለም አይደል? ከሳሪስ አቦ ታክሲ ጠፍቶ! ዛሬስ አዛኑ ቀደመኝ ብዬ ነበር፣ እትዬ ሳፊያ።»

«ገና ሃያ ደቂቃ አለው። ግቢ፣ አረፍ በይ።»

ፈለቀች የጎን ጎረቤት ናት፤ ሳሪስ አቦ ገበያ ጎመንና ካሮት ትሸጣለች። ረመዳን ከገባ ዛሬ አስራ አንደኛ ቀኑ ነው፤ አንድም ምሽት ቀርታ አታውቅም። ጊዜው የእሷም ዐቢይ ጾም ስለሆነ የምታመጣው ሁልጊዜ የምስር ሳምቡሳ ነው። እሱን ሁለቱም ይበሉታል።

ሳፊያ ባሏ ሲሞት የአቃቂ በሰቃውን ቤት ለቃ ገላን ኮንዶሚኒየም ከገባች ስምንት ወሯ ነው። እስከ ረመዳን ዋዜማ ድረስ በሯን ያንኳኩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ፣ ሌላው ፎቅ የተሳሳተ ሰው። በመጀመሪያው የጾም ቀን ፈለቀች ደረጃ ላይ አግኝታት «ብቻዎን ነው የሚያፈጥሩት?» አለቻት። የዚያኑ ዕለት ማታ መጣች።

ሳፊያ ግን አትጾምም። ጤና ጣቢያ ያያት ሐኪም በቀን ሁለቴ መርፌ እየተወጉ መጾም እንደማይቻል ቁርጡን ነግሯታል። ዛሬም ስድስት ሰዓት ላይ በሩን ቆልፋ፣ የሳህን ድምፅ እንዳይሰማ ተጠንቅቃ፣ ግማሽ እንጀራ በልታለች። በየቀኑ ቀን ቀን ለፈለቀች ልትነግራት ትወስናለች። ሲመሽ የእግሯን ኮቴ ደረጃው ላይ ስትሰማ ደግሞ ለነገ ታሳድረዋለች። ጾሙ ከሌለ ፈለቀች የምትመጣበት ሌላ ምክንያት ሊታያት አልቻለም።

ፈለቀች ጥቅሉን ፈታች። አራት ናቸው። አንድ በአንድ ሳህኑ ላይ ስትደረድር ሳፊያ እጇን አየች።

«ይንቀጠቀጣል።»

«ባዶ ሆድ ነዋ! ከንጋት ጀምሮ ቆሜ ነው የዋልኩት።»

«የእናንተ እኮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈታል።»

«ይፈታል።» ፈለቀች እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገባች። «እርስዎ እስኪመሽ እየጠበቁ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጎርስ? አብረን እንፈታለን ብዬ ነው እንጂ። ለብቻ ሲፈቱት ደግሞ አይጥምም።»

ሳፊያ ይህን አታውቅም ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አዛን ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይኸው ሲደጋገም አስራ አንድ ቀን። ከዚያ በላይ ማስላት አልቻለችም።

«ፈለቀች፣ እኔ አልጾምም።»

«ዛሬ አሞዎት ነው?»

«አንዱንም ቀን አልጾምኩም። ስኳር አለብኝ፤ መርፌ ነው የምወጋው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እበላለሁ።» ተነስታ መለኪያውን ከብርጭቆዎቹ ጀርባ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ፈለቀች መለኪያውን አየችው፤ አልነካችውም።

«ሃይማኖታችሁ ይፈቅዳል?»

«ለታመመ ይፈቅዳል። ሕመሙ የማይድን ከሆነ በእያንዳንዱ ቀን ፋንታ አንድ ድሃ ያበላል። እኔም ለዚያ ብዬ በየቀኑ መስጊድ እሰጣለሁ።»

ፈለቀችን ሳቋ አመለጣት።

«ወይ ጉድ! እርስዎ ድሃ ያበላሉ፣ ድሃዋ ደግሞ እርስዎን ታበላለች!»

ሳፊያም ሳቀች።

«ግን ለምን አልነገሩኝም?»

መልሱ «እንዳትቀሪብኝ» የሚል አንድ ቃል ነበር። ሳፊያ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ አቃናች።

«እንጃ።»

«ያመመው ሰው ምን ያሳፍረዋል? እናቴ ስትታመም የነፍስ አባቷ ራሳቸው ናቸው ብዪ ያሏት።» ፈለቀች በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ጣሪያ ገና አልወረደችም። «እንግዲያ አዛኑን የምንጠብቀው ለማን ብለን ነው?»

አንዱን ሳምቡሳ አነሳችና በአንድ ጉርሻ ግማሽ አደረገችው። ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። ሁለተኛውንም በላች። ሳፊያ ውሃ ቀዳችላት፤ ብርጭቆውን ስትቀበል እጇ አይንቀጠቀጥም።

«ነገማ እስከ አንድ ሰዓት ነው የምሸጠው። ሠራተኛው ከፋብሪካ ወጥቶ የሚገዛኝ እኮ ሲመሽ ነው፤ ልክ እኔ ታክሲ ስሳፈር።»

ሳፊያ በድምፅዋ ውስጥ ቂም ይኖር እንደሆነ በጥንቃቄ አዳመጠች። አልነበረም። ቂም ቢሆን ይቅርታ ይጠየቅበታል። የሰማችው እፎይታ ነበር።

«ብቅ እላለሁ፣ እሺ? በር ለበር እኮ ነን።»

«እሺ የኔ ልጅ። ደክሞሻል፤ ሂጂ እረፊ።»

ፈለቀች ዘንቢሏን አንስታ ወጣች። የጎን በር ተከፈተ፤ ተዘጋ።

አዛኑ ሲሰማ ሳፊያ ቆማ ነበር። ሰገደች። ሰግዳ ስትነሳ ክፍሉ ጨልሟል።

ወንበሯን ወስዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ወደ ደረጃው ዞራ ተቀመጠች። ዳቦ በፌስታል የያዘ ሰውዬ ሽቅብ ሲያልፍ አያት፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጣትና ወደ ላይ ቀጠለ። ኮቴው ራቀ። ከታች አንድ ሰው ማብሪያውን ነክቶ የደረጃው መብራት ጠፋ። ሳፊያ በሩን አልዘጋችም።