የሸለቆው አትክልተኛ

ባለቤቴ ለምለም «አንተ ደረቅ!» ብላኝ እናቷ ቤት ከገባች ወዲህ፣ ኢንተርኔት ላይ በምጫወተው ጨዋታ ውስጥ አትክልተኛ ሆኛለሁ። ጓደኞቼ ዘንዶ ሊገድሉ ሲሮጡ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ ለቁስሌ መፈወሻ የተሰጠኝን ጠበል ሸለቆው ውስጥ ለደረቁት ቁጥቋጦዎች አጠጣለሁ። እስካሁን አንድ ቅጠል አላወጡም። ቢሆንም እናቷ ቤት ስልክ ከመደወል ይቀላል።

የቡድናችን አለቃ መኳንንት ሲታዘበኝ ቆይቶ ጻፈልኝ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ጌጥ ነው። ሠሪዎቹ ሲሥሉትም ደርቆ ነው የሣሉት። ምን እየጠበቁ ነው?»

«ለምለም» ብዬ መለስኩ። የባለቤቴን ስም አንዳቸውም ስለማያውቁ ውሸት መናገር አላስፈለገኝም።

ቡድኑ በሙሉ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እንዲህ የደረቀ ነገር በጠበልም አይለመልምም» አለኝ አንዱ። ይህንንስ ቤቴም ሰምቼዋለሁ።

ትናንት የተቀላቀለን፣ ፊቱን የሸፈነ ቀስተኛ ግን አልሳቀም። ሌሎቹ ወደ ዘንዶው ሲሄዱ አጠገቤ ቆሞ ቁጥቋጦውንም እኔንም ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጻፈ፦

«ቁጥቋጦ ከምታጠጣ ለምን አትደውልልኝም፣ አንተ ደረቅ?»