ሸለምጥማጧና ቢራቢሮዋ

ጃቮኮ በዱላ የገደላትን ሸለምጥማጥ በእህቱ በሃሪሶ እግር ሥር ጣላት። "ቢራቢሮሽን የበላችብሽ ይቺ ናት" አላት። ሃሪሶ ከፖፖንዴታ ጫካ በቀር የትም የማትገኘውን ያቺን ትልቅ ቢራቢሮ ከትልነቷ ጀምራ ጓሮዋ ሐረግ ላይ ስትጠብቃት ከርማ ነበር፤ ዛሬ ክንፏን በዘረጋች በሰዓቱ ጠፋችባት።

ተንበርክካ ከሐረጉ ሥር ቅጠሉን ገላለጠች። ምንም የለም።

"ሸለምጥማጥ የቢራቢሮን ሆድ በልታ ክንፏን ትጥላለች። ክንፎቹስ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ውጣቸው ይሆናል።"

"ክንፍ የሚፈልገው ቢራቢሮ የሚገዛ ነጋዴ ነው እንጂ አውሬ አይደለም።"

ጃቮኮ ጣቶቹን ቁምጣው ላይ ጠረገ። የቢራቢሮ ክንፍ ሲነካ የሚለቀው ቡናማ ዱቄት ጨርቁ ላይ ቀረ። ሃሪሶ ዱቄቱን አይታ ዘወር አለች። ልትቀብራት ሸለምጥማጧን አቀፈቻት። ሊያግዛት እጁን ዘረጋ።

"አትንካት" አለችው።